አምስት ሳፋ ሊሐፍ

«እስቲ ብርቅነሽ በዕድሜዋ ጀምራ የጨረሰችውን አንድ ነገር ንገሪኝና እኔም ልመንሽ!» የሚል ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ፣ ብርቅነሽ በከንፈሮቿ መሃል ሦስት ስፒል ነክሳ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻለችም። ብትችልም አትሰጥም ነበር፤ የሰማችው ለእሷ ያልተላከ ቃል ነው። ግድግዳው ግድግዳ ይባል እንጂ ጣውላና ቆርቆሮ ነው፤ ወዲያ ማዶ የታላቅ እህቷ የሸዋአለም ክፍል፣ ወዲህ የእሷ። «ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወችው። ባሏንም ገና ሳትጨርሰው ነው የተወችው» ስትል ቀጠለች ሸዋአለም፣ ለልጇ ለፅዮን። «ነገ ሰርግሽ ነው። ያንን ድሪቶዋን ስጠብቅ ልጄን ባዶ ፍራሽ ላይ ላስተኛ ነው? ትናንት ሱቅ ዓረቢ ሄጄ ብርድ ልብስ ገዝቻለሁ። አሥራ አራት ሺህ ጊነይ። የሚያገሳ ነብር አለበት።» ፅዮን ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ናትና በግማሽ ዓረብኛዋ «ማማ፣ አክስቴ እኮ ወላሂ ዛሬ ትጨርሳለች» አለች። «ኢንሻአላህ» አለች እናት። ይቺ ኢንሻአላህ ደግሞ ሰው መጣሁ ብሎ የሚቀር የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠብቅ የሚላት ዓይነት ነበረች።

ብርቅነሽ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካች። የትምህርቱ ነገር እውነት ስለሆነ አላመማትም። የባሏም እውነት ነው፤ እንዲያውም በዚያ አባባል በራሷ ላይ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ያንገበገባት ድሪቶ የሚለው ቃል ነው። ድሪቶ ማለት የተቀደደ ሲጣፍ፣ የተጣፈው ሲቀደድ፣ በላዩ ደግሞ ሲጣፍ ነው። የእሷ ሊሐፍ ነው፤ ሱዳኖቹ በክብር ሊሐፍ የሚሉት፣ ከላይ በየቀለሙ ተመርጦ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ ከታች ገበር፣ መሃሉ የተባዘተ ጥጥ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ከዳር እስከ ዳር በእጅ የተሰፋ፣ የካርቱምን የጥር ብርድ አላስጠጋ የሚል ነገር። የፅዮንን ሊሐፍ ደግሞ ከእህቷ ልጅ የሕፃንነት ቀሚስና ከትምህርት ቤት ሸሚዟ ሳይቀር እየቀነጠበች ነው የገጣጠመችው። በዚህ ላይ ነብር! ሙሽሮች በመጀመሪያ ሌሊታቸው የሚያገሳ ነብር ምን ያደርግላቸዋል? «ዛሬ ካልጨረስኩ ብርቅነሽ አይደለሁም» አለች ለብቻዋ፣ ቀስ ብላ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ መሆኑን ስለምታውቅ።

እህትማማቾቹ ፊት ለፊት ከተነጋገሩ አራት ወር አልፏል። ነገሩ የሆነው በመስከረም፣ የሙሽራው ሽማግሌዎች ፅዮንን ሊጠይቁ የመጡ ቀን ነው። መቀመጫው የብርቅነሽ ሥራ ነበር፤ ስድስት አዳዲስ ትራሶች። አምስቱ አልቀው ስድስተኛው ላይ ሰዓት ስለደረሰባት፣ መርፌዋን ለኋላ ብላ እዚያው ስፌቱ ላይ ሰክታ ተወችውና ወጥ ልታማስል ሮጠች። አቶ ጌታሁን የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ነበሩ። ቆመው መርቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን...» ብለው ቁጭ ሲሉ፣ ከተቀመጡበት ፍጥነት በበለጠ ፍጥነት ተመልሰው ቆሙ። ጋብቻው አልፈረሰም፤ ሽማግሌው ጨዋ ሰው ነበሩና ቀሪውን ንግግር ቆመው ጨረሱት። ሸዋአለም ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከታናሽ እህቷ ጋር የምትነጋገረው በልጇ በኩል ነው። ሦስቱም አንድ ገበታ ላይ ቁጭ ብለው «አክስትሽን ጨው ታቀብለን በያት» ትላለች። ጨውም ይቀርባል። ዝምታው ግን ቆርቆሮውን አልፎ ሌሊት ሌሊት ሲመጣ ብርቅነሽን ከጭቅጭቅ በላይ ይከብዳት ነበር።

አሁን ስለ ሳፋዎቹ መነገር አለበት። ብርቅነሽ አንድ ሥራ ይዛ መቀመጥ አልተፈጠረባትም። ሰው አንድ ጎኑ ሲደክመው በሌላው እንደሚገላበጥ፣ እሷም አንዱ ሊሐፍ ሲሰለቻት ወደ ሌላው ትዞራለች። ስለዚህ አልጋዋ ሥር አምስት የፕላስቲክ ሳፋዎች ተደርድረዋል፤ በየሳፋው አንድ ያላለቀ ሊሐፍ ከነቁርጥራጩና ከነክሩ። ቀዩ ሳፋ የፅዮን ነው። አረንጓዴው የአከራያቸው የሐጃ ኒዕማ፣ ሊወለድ አንድ ወር ለቀረው የልጅ ልጃቸው የሚሆን። ሰማያዊው የከውሰር፤ ከውሰር አል-ማንሺያ ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፣ ወሎ ላለችው እናቷ ነው የምትልከው። ቢጫው ለቤተ ክርስቲያን ጨረታ ቃል የተገባ። አምስተኛው ጆሮው የተሰበረ ነጭ ሳፋ የራሷ የብርቅነሽ ነው፤ ከተጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ። አንዳንዴ ሌሊት ሲበርዳት ካላለቀው ከዚያ ግማሽ ሥር ትገባለች፤ ግማሿ ይሞቃታል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀዩን ሳፋ ጎትታ ወደ ግቢው ወጣች። የሐጃ ኒዕማ ግቢ ሰፊ ነው፤ መሃሉ ላይ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር በገመድ የተጠለፈ ሰፊ የእንጨት አልጋ አለ፣ ዓንገሬብ ይሉታል። ሊሐፉን እሱ ላይ ዘረጋችው። ከሦስት እጁ ሁለቱ ተሰፍቷል፤ የቀረው አንድ እጅና የዙሪያው ቅምቅማት ነው። መኪናው የሚመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሙሽሮቹ ጀብራ የተከራዩትን ክፍል ሊያሰናዱና አልጋ ሊያነጥፉ ሴቶቹ የሚሄዱበት። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አላት። ይበቃል፣ ይተርፋልም፤ ብቻ እንደ ሰው ቁጭ ካለች። ቁጭም አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል መርፌዋ ወጣ ገባ ስትል ቆየችና ቀይ ክር አለቀ። ቀይ ክር አረንጓዴው ሳፋ ውስጥ እንዳለ ትዝ አላት። አረንጓዴው ውስጥ ክሩን ስትፈልግ አንድ ውኃ ሰማያዊ ቁራጭ አገኘች፤ ለከውሰር ሊሐፍ ስንት ሳምንት ሙሉ ስትፈልገው የኖረችው ቁራጭ! እንዳይጠፋ ብቻ ብላ ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ልትከተው ሄደች። እንዳይጠፋ ብቻ ብላ በስፒል አያያዘችው። እንዳይወልቅ ብቻ ብላ በሁለት ስፌት ወሰወሰችው። ቀና ስትል ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ የከውሰር ሊሐፍ አንድ ሙሉ ኮከብ ጨምሯል፣ ቀዩ ሳፋ ደግሞ ግቢው ውስጥ ብቻውን ፀሐይ እየሞቀ ነው።

ስልኳ ጮኸ። የከውሰር የድምፅ መልእክት ነበር፣ የእመቤቷ ምጣድ ሲንጫጫ ከኋላዋ ይሰማል። «ብርቅዬ፣ የእናቴን ነገር አደራ። ተጓዡ ሰኞ ሳይሆን ማክሰኞ ነው የሚሄደው፤ ሁለት ቀን አለሽ ማለት ነው። ደግሞ ውኃ ሰማያዊ ካገኘሽ መሃሉ ላይ አንድ ኮከብ...» ብርቅነሽ ስልኩን ይዛ ብቻዋን ተንከተከተች። ኮከቡማ አልቋል! ወዲያው ግን ሳቋ ደረቷ ላይ ደረቀ። ራሷን ታውቃለች። እነዚህ ሳፋዎች አልጋዋ ሥር እያሉ የፅዮን ሊሐፍ ነገም አያልቅ። እህቷም ትክክል ትሆናለች፤ ጀምራ የጨረሰችው ነገር የለም ማለት ነው። ተነሥታ አራቱን ሳፋዎች ደራርባ ተሸክማ ወደ ሐጃ ኒዕማ በር ሄደች።

ሐጃ ኒዕማ ከስልሳ አምስት ያለፉ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲቆጡ የሰፈሩን ድመት ሁሉ የሚያስበረግጉ ሴት ናቸው። የሱዳን ሴቶች ከራሳቸው እስከ እግራቸው የሚጠመጠሙትን ረጅም ቶብ ለብሰዋል፤ ያን ቀን የለበሱት ልጃቸው ከጅዳ የላከላቸውን ብርቱካናማ ነበር። ብርቅነሽ ሳፋዎቹን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጣ «ሐጃ፣ እባክዎን መጋዘንዎ ውስጥ ይቆልፉልኝ። እስከ አሥር ሰዓት ብለምንዎት፣ ባለቅስ፣ እግርዎ ላይ ብወድቅ ቁልፉን እንዳይሰጡኝ» አለቻቸው። ሐጃ ኒዕማ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «አጂ! ያ ብርቅ፣ አንቺ አብደሻል፤ ግን ጥሩ እብደት ነው» ብለው ቆለፉት። ቁልፉን እንደ ልማዳቸው የቶባቸው ጫፍ ላይ ጠቅልለው ቋጠሩት። ከዚያ ቋጠሮ ቁልፍ ማውጣት የሚችል ሌባ ገና አልተወለደም።

አምስት ሰዓት ላይ ብርቅነሽ ቁልፉን ልትለምን ሄደች። ነጭ ክር ብቻ፣ አንዴ ብቻ፣ አለች። ሐጃ ኒዕማ ጣታቸውን አወዛወዙባት። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሳ ሄደች፤ የቢጫው ሳፋ ጥጥ እርጥበት እንዳይነካው ብቻ ልየው አለች። የመጋዘኑ ጣሪያ ዝናብ በሌለበት በጥር ነው ወይ የሚያፈሰው ብለው ጠየቋት። ሰባት ሰዓት ላይ ስትመጣ ግን ትዕግስታቸው አለቀ። «ኸላስ! እኔው መጥቼ እጠብቅሻለሁ» ብለው ተነሡና የፉል ሳህናቸውን ይዘው፣ ዓንገሬቡ ላይ በሊሐፉ ባዶ ጫፍ በኩል ተቀመጡ። ፉላቸውን በሉ። ስለ ምራታቸው እርግዝና፣ ስለ ስኳር መወደድ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል አወሩ። ብርቅነሽ «እህ» እያለች ሰፋች። የሰው ዓይን እላይዋ ላይ ሲሆን ነው ለካ እጇ የሚፈጥነው! ሰባት ተኩል ላይ የሊሐፉ ሆድ ተሰፍቶ አለቀ። ስምንት ላይ አንደኛው ጠርዝ ተቀመቀመ። ልቧ እንደ ልጅ መዝለል ጀመረ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላየችውን ነገር፣ የሥራን መጨረሻ፣ በሩቅ አየችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተበላሸ። ብርቅነሽ ስትሰፋ ግራ እጇን ሁልጊዜ ከጨርቁ ሥር ታስገባለች፤ መርፌዋ ገበሩን መብሳቷን በጣቷ ጫፍ ታረጋግጣለች፣ ሌላ ምንም አለመብሳቷንም እንዲሁ። ያን ቀን ግን ጣቶቿ ተወጋግተው አብጠው ስለነበር ግራ እጇን አወጣችውና ከላይ ብቻ መስፋት ጀመረች። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብላ ነው። ሐጃ ኒዕማ በበኩላቸው ከፉሉ በኋላ ዓይናቸው ከበደ። የኒሙ ጥላ ዞሮ ደረሰባቸው፣ እግራቸውን በረዳቸው። ጥበቃውን እንዳያቋርጡ እዚያው ጋደም አሉና የሊሐፉን ጫፍ ስበው እስከ ወገባቸው ለበሱት። «ተኝቼ እንዳይመስልሽ፣ ዓይኔን ነው የጨፈንኩት» አሉ፤ ማንኮራፋታቸው ግን ከቃላቸው ጋር እኩል ነው የጀመረው። ብርቅነሽም አልጠላችውም። ዙሪያውን እየቀመቀመች ወደዚያ ጫፍ ስትደርስ ጨርቁ ራሱን በራሱ ወጥሮ ይጠብቃት ነበር፣ አንድ ደግ ሰው ከወዲያ ይዞላት ያለ ይመስል። እንዲያ ተወጥሮ መርፌ እንዴት እንደሚሮጥ! እዚያ ጋ አንድ ጠጣር ጉብታ አገኛት። ጥጥ የጓጎለ መሰላትና ጫማዋን አውልቃ በሶሉ ሦስት ጊዜ ደበደበችው። ሐጃ ኒዕማ በእንቅልፍ ልባቸው «ማን ነው?» አሉ። «ማንም የለም፣ ይተኙ» አለቻቸውና ጉብታውን እየዞረች፣ ወፍራም ስለሆነባትም ክሩን ሁለት እጥፍ አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው ሰፋችው።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቋጠረች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም፤ ነገር ስትጨርስ ሰው ምን ያደርጋል? ተነሣች፣ ቁጭ አለች፣ ተነሣች፣ ብቻዋን ግቢው መሃል ቆማ እልል አለች። አጥር ላይ የነበረች ዶሮ ወረደች። በዚያው ቅጽበት የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። የሰፈሩ ባለ አምጃድ ተውፊቅ ትንሿን ሚኒባሱን በር ላይ አቁሟል፤ ፅዮንም እጇን እስከ ክንዷ ሂና ተቀብታ፣ ምንም እንዳይነካት ሁለት እጇን ወደ ላይ ይዛ፣ እየተንደረደረች ገባች። «አክስቴ ያላ! ማማ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጀብራ ናት። ነብሩን አንጥፋዋለች። ጨረስሽ?» ብርቅነሽ እንደ ንግሥት ጎንበስ ብላ የሊሐፉን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘችና፣ ለእህቷ ልጅ በአንድ ጊዜ ገልጣ ልታሳይ በኃይል ወደ ላይ ሳበችው። ሊሐፉ ተነሣ። ሐጃ ኒዕማም አብረው ተነሡ።

«ሰጀሚ፣ ወይኔ!» ብለው ጮኹ ሐጃ ኒዕማ፣ ገና ከእንቅልፋቸው ሳይወጡ። ቶባቸው ሲሳብ ራሳቸው ተገለጠ፤ በአንድ እጃቸው ራሳቸውን፣ በሌላው ቶባቸውን ያዙና «ሌባ ነው! ቁልፉን ሊወስድ ነው!» አሉ። ሌባ ግን አልነበረም። የሊሐፉ ጠርዝ፣ ክንድ ተኩል የሚሆነው፣ ከብርቱካናማው ቶብ ጋር አንድ ሆኖ ተሰፍቷል፤ መሃሉ ላይም ቁልፉ ከነቋጠሮው፣ በሁለት እጥፍ ክር ታስሮ፣ በጫማ ሶል ተደብድቦ ተቀምጧል። ፅዮን ጠጋ ብላ አየችና ሂናዋን ረስታ አፏን በእጇ ልትይዝ ስትል ተወችው፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብርቅነሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሐጃ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አሁን እተረትረዋለሁ» አለች። መቀስ አነሣች። መቀሱን ይዛ ቆመች። ከተረተረችው አላለቀም ማለት ነው። ያላለቀ ሊሐፍ ይዛ ጀብራ ትገባለች፣ እህቷ አንዴ ታያለች፣ ምንም አትልም፣ ለፅዮን «በይ አልነገርኩሽም?» ትላለች። ካልተረተረችው ደግሞ የሰው ቶብ መቅደድ ነው፣ ያውም ከጅዳ የመጣ።

ሐጃ ኒዕማ በዚህ መሃል ሙሉ በሙሉ ነቅተው ነበር። ስፌቱን ጎተት ጎተት አድርገው ፈተሹት። አልላላም። «ማሻአላህ፣ ጠንካራ ነው» አሉ። ከዚያ የብርቅነሽን ፊት አዩ። እሳቸውም ግድግዳ አላቸው፣ እሳቸውም ይሰማሉ፤ አራት ወር ሙሉ በእነዚህ ሁለት እህትማማቾች መካከል ምን ሲተላለፍ እንደነበር ከነጨው መጠኑ ያውቁታል። ቶባቸውን ራሳቸው ላይ መልሰው አስተካከሉ። «መቀሱን አስቀምጪ። እህትሽ ያለቀ ሊሐፍ ታያለች። ቶቤን አውልቄ መንገድ አልወጣም፤ ቶቤ የሚሄደው ከእኔ ጋር ነው። ደግሞም» አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ቅር ብሎት፣ «ለአልጋ ማንጠፉ ማንም አልጠራኝም ነበር። ልጅቷን በእጄ ያሳደግኩ ሴት! አሁን ደግሞ ብትፈልጉም ልትተዉኝ አትችሉም። ያላ፣ ተውፊቅ፣ በሩን ክፈት!»

እንዲህ ሆነው ተጫኑ። ሐጃ ኒዕማ ከኋላ ወንበር መሃል፣ ሊሐፉ እላያቸው ላይ ተዘርግቶ፤ ብርቅነሽ በግራ ጫፉን ይዛ፤ ፅዮን በቀኝ እጆቿን ወደ ጣሪያው አንሥታ። ከሰፈራቸው ከቡሪ ጀብራ ቅርብ አይደለም። ተውፊቅ በመስተዋቱ አንዴ አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሐጃ ኒዕማ ነገሩት፤ ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ቀጥ ብላ አልሄደችም። ሰውዬው እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ነበር የሚነዳው። መብራት ላይ ሲቆሙ ከጎናቸው አውቶቡስ ውስጥ ያሉ ሰዎች አጎንብሰው ቃኟቸው፤ ባለቀለም ሊሐፍ የተከናነቡ አሮጊት፣ እጇን ያነሣች ሙሽራ። «ሰላም ዓለይኩም» አሉ ሐጃ ኒዕማ በመስኮት፣ በክብር፣ ሙሽራዋ እሳቸው የሆኑ ይመስል። አውቶቡሱ በሙሉ «መብሩክ!» ብሎ መለሰላቸው። ብርቅነሽ ያን ጊዜ አልቻለችም። ከጠዋት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የታመቀው ሳቅ ፈንድቶ ወጣ፤ ስቃ ስቃ ሆዷን ይዛ ሊሐፉ ላይ ተደፋች፣ ሐጃ ኒዕማም እየሳቁ «ቀስ፣ ቀስ፣ እኔን አትጎትቺኝ!» ይሏታል። ጀብራ ሲቃረቡ ግን ለእህቷ የምትለውን በልቧ መደርደር ጀመረች።

ክፍሉ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሦስቱም ጎን ለጎን ሆነው በጎናቸው እየሄዱ ወጡት፤ ሌላ መንገድ አልነበረም። ውስጡ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስተዋት፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ ማራገቢያ፣ አልጋው ላይ ደግሞ ነብሩ አፉን ከፍቶ። ሸዋአለም ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ትሰቅል ነበር። የእግር ኮቴ ሰምታ ዞረች። ያየችውን ነገር ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ብርቅነሽ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፣ ረጋ ያለ፣ ክብር ያለው፤ ከአፏ የወጣው ግን «እትዬ፣ ጨርሼዋለሁ» የሚል ብቻ ሆነ። «ጨርሳዋለች!» ብለው አረጋገጡ ሐጃ ኒዕማ። «ከእኔ ጋር ነው የጨረሰችው! ይኸው!» ብለው ክንዳቸውን ከሊሐፉ ጋር ወደ ላይ አነሡ። ሸዋአለም ከወንበሩ ወረደች። ስፌቱን አየች። ቶቡን አየች። ቋጠሮውን በጣቷ ጫን አድርጋ ውስጡ ቁልፍ መኖሩን አረጋገጠች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ጀርባዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርቅነሽ ያለቀሰች መስሏት ደነገጠች። ሸዋአለም ስትዞር ግን ፊቷ በሳቅ ቀልቷል፤ ነብሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና «ወይኔ አቶ ጌታሁን! እሳቸውስ በመርፌ ብቻ ተረፉ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ በቅጡ የሚያስታውስ የለም። ተውፊቅ ዕቃ ይዞ ሲወጣ አራት ሴቶች አልጋው ላይ ተደራርበው ሲንፈራፈሩ አገኛቸውና ዕቃውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወረደ። ሸዋአለም ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ እጇን ወደ ታናሽ እህቷ ዘረጋች። «መርፌ ስጪኝ» አለቻት። ራሷን፣ በቀጥታ፣ ያለ አስተርጓሚ። ብርቅነሽ መርፌውን ስትሰጣት እጇ ላይ ትንሽ አቆየችው። ሐጃ ኒዕማን መሃል አስቀመጧቸውና አንዷ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ ቶቡን ብቻ እየለቀቁ መተርተር ጀመሩ፤ የተተረተረውንም ከሥር ከሥር መልሰው እየቀመቀሙ። «ምን ዓይነት ስፌት ነው፣ ሲሚንቶ!» አለች ሸዋአለም፤ ትንሽ ቆይታም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያምራል» አለች። «ይሄ የፅዮን የትምህርት ቤት ሸሚዝ አይደል?» ነው አለች ብርቅነሽ። ከዚያ ዝም ብለው ሰፉ። ያው ዝምታ ነው፣ ግን አይከብድም ነበር። ሁለቱ መርፌዎች ቋጠሮው ጋ ሲገናኙ ቁልፉ ጣል ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሸዋአለም የክሩን ጫፍ ለእህቷ አቀበለቻት። «አንቺ ቋጪው። የጨረስሽው አንቺ ነሽ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ምስክርም አለኝ።»

ፅዮን ሂናዋ ደርቆ አልጋውን ከአክስቷ ጋር አነጠፈች። ሊሐፉ ፍራሹን ሁሉ ሸፍኖ፣ ቀለሙ ከመስተዋቱ ውስጥ እየተመለሰ ክፍሉን ሞላው። ሐጃ ኒዕማ ሰርጉ ላይ ደግመው የሚሉትን እልልታ ሦስት ጊዜ ለቀቁት። ነብሩ ተጠቅልሎ ከሸዋአለም ብብት ሥር ገባ።

ሲመለሱ ሙሽራዋ ከጓደኞቿ ጋር ጀብራ ቀርታ ነበር፤ ሌሊቱን እነሱ ዘንድ አድራ ነገ ከዚያው ትዳራለች። ከኋላ ወንበር ቦታ ተርፎ ነበር። ሐጃ ኒዕማ ቶባቸውን አሥሬ ይዳስሱታል። ሰዓቱ አሥር አልፏልና ቁልፉን ለብርቅነሽ ሲዘረጉ ሸዋአለም መንገድ ላይ ተቀበለቻቸው። «እኔ ጋ ይሁን። አንድ አንዱን እየጨረሰች ትወስዳለች» አለች። ብርቅነሽ ልትቆጣ አስባ አልሆነላትም፤ ደስ ብሏት ነበርና። ብዙ መንገድ ሄዱ። ሸዋአለም ውጭ ውጭውን እያየች ነበር። «ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ነው የተኛችው» አለች በመጨረሻ፣ ለማንም አይመስልም። «እግሯ እሳት ነው፣ ያሞቀኛል።» ሸዋአለም የተጠቀለለውን ነብር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ለገበር ይበቃ እንደሆነ ጠርዙን በጣቷ ለክታ፣ ጨርቁን አሸት አሸት አድርጋ፣ ወደ እህቷ ሳትዞር ጠየቀች።

«ስድስተኛ ሳፋ አለሽ?»

ብርቅነሽ አልነበራትም። ወደ ፊት ተንጠራርታ የሹፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረገች። «ያ ተውፊቅ» አለች፣ «ሳፋ የሚሸጥበት ስታይ አቁምልን።»